ሽማግሌ የሚላክባት ፔጆ

ፀሐይ ሲመታው የዋለ የመኪና ወንበር የራሱ ሽታ አለው። ሌላውን ሰው ራሱን ያመዋል፤ እኔን ግን ወደ ወጣትነቴ ዘመን ይመልሰኛል። አምና፣ ጥር ሊገባ ሲል፣ ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ልመርጥ ሐጂ ቃሲም ሱቅ ሄጄ ነበር። ሱቃቸው እዚሁ ነገሌ ገበያው ዳር ነው፤ እኔ ተማሪ ሆኜም እዚያው ነበር። የፈለግሁት ጨርቅ ጓሮ ካለው መጋዘን ነው የሚወጣው ብለው በግቢው በኩል ይዘውኝ ሲያልፉ ያ ሽታ አፍንጫዬን ያዘው። ዞር ብል ፔጆዋ ናት። ከኒሙ ዛፍ ሥር ጎማዎቿ ተንፍሰው ቁጭ ብላለች። ክሬም ቀለሟ ነጥቶ፣ ኮፈኗ ላይ ቅጠል ተከምሮ፣ አንዲት ዶሮ በመስኮቷ ገብታ እንደ ባለቤት ከኋላ ወንበር ላይ ተኝታለች። ቆምኩ።

«አንቺ የመቶ አለቃው ልጅ፣ ምን ያስቆምሻል?» አሉኝ ሐጂ። አባቴ በጦሩ ውስጥ የመቶ አለቃ ሆኖ ከሰሜን ወደዚህ አገር የመጣ ሰው ነው፤ እሱ ካለፈ ስንት ዓመቱ፣ እኔም ከመምህርነት ጡረታ ወጥቼ ፀጉሬ ሸብቷል፣ ለሐጂ ግን ዛሬም የመቶ አለቃው ልጅ ነኝ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ላውራው። መንግሥት ተለውጦ ከተማው ገና ትንፋሹን ሲሰበስብ የነበረበት ጊዜ ነው። መንገዱ ለአህያና ለግመል ተለቆ ነበር ማለት ይቻላል። ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ የሚወርድ መንገደኛ የሚሳፈረው ሸራ በለበሰ አሮጌ ላንድሮቨር ነበር፤ ውስጡ ሰው፣ ላዩ ፍየል፣ ጎኑ ላይ ደግሞ የተንጠለጠለ የወተት ዕቃ። ከዚያ ሲወርዱ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ ሰው ስለሚሆኑ እናት ልጇን የምትለየው በድምፁ ነው። ያም ሆኖ ላንድሮቨር ያለው ሰው ሲያልፍ ከመቀመጫ እንነሳለን። ጎረምሶቹ ደግሞ ምኞታቸው ለየቅል ነበር። አንዱ አዲስ አበባ ሄዶ ላዳ አይቶ ይመጣና ዓመቱን ሙሉ ስለ ላዳ ያወራል፤ በኛ መንገድ አንድ ሳምንት እንደማትቆይ ብንነግረውም አይሰማም። ሌላው ቶዮታ ዲኤክስ ካልሆነ አላገባም ይላል። ቆይቶ ዶሎ ኦዶ ስደተኛው ሲበዛ ረጅም አንቴና ያላቸው ነጫጭ ላንድክሩዘሮች ከተማውን ሞሉትና ልጃገረዱ ሁሉ ሹፌር ማግባት አማረው። እኛ መምህራኑ ዋጋ አጣን። ደግነቱ እኔ ቀደም ብዬ አግብቼ ነበር።

ከሁሉም ግን ፔጆዋ ትለያለች። ሐጂ በሞያሌ በኩል ነው ያመጧት፣ መሪዋ በቀኝ ነው። የገባች ዕለት የሰፈሩ ሕፃናት በግራ በኩል አይተው ማንም ስለሌለ «ሹፌር የሌላት መኪና መጣች!» እያሉ እናቶቻቸው ጉያ ገቡ። ቡናማ ወንበሯ ገና ላስቲኩ አልተነሳም፤ ዳሽቦርዷ ላይ ዘርፍ ያለው ጨርቅ ተነጥፎ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል። ክላክሷ ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ ሰው ጠርቶ የሚያፍር ይመስላል። በወሩ ከተማው ውስጥ ያለ ሰርግ ሁሉ ፔጆዋን ፈለገ። ሐጂ ግን በኪራይ አልሰጥም አሉ። «ሱቄ ውስጥ ያለውን ሁሉ እሸጣለሁ፤ እሷ ልጄ ናት፣ ልጅ ኪራይ አትወጣም» ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ሰዉ ጥቂት አሰበና ልጅ ከሆነች እንደ ልጅ ነው የምትጠየቀው አለ። ያን ጊዜ ነው ሽማግሌ መላክ የተጀመረው።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌዎቹ ስኳር በወረቀት አስጠቅልለው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ይሄዳሉ። ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ይመጣል። ስለ ዝናቡ ይወራል፣ ስለ ከብቱ ይወራል፣ አገር ሰላም መሆኑ ይጠየቃል። መጨረሻ ላይ አንደኛው ጉሮሮውን ጠርጎ «ለልጃችን ልጅዎን ፈልገን ነው የመጣን» ይላል። ሐጂ አንገታቸውን ይደፉና «እስቲ ልምከርበት፣ ሳምንት ተመለሱ» ይላሉ። ሰርጉ መቼ እንደሆነ እሳቸው አይጠይቁም፤ ጠያቂዎቹም አይናገሩም፤ ቀኑ የሚነገረው እሺ ከተባለ በኋላ ነው። ለጠየቁት ልጅ ቀን ቆርጦ መሄድ አባትን ማጣደፍ ነው፣ ማጣደፍ ደግሞ መናቅ ነው። በሳምንቱ ሲመለሱ ሐጂ እሺ ይላሉ። እምቢ ብለው አያውቁም። የሰርጉ ዕለት ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ራሳቸው ይነዳሉ።

እኔም የሄድኩት በእሷ ነው። ቬሎዬ ከሻሸመኔ በኪራይ የመጣ፣ ትከሻው እንደ ትራስ የተነፋ ነበር፤ በበሩ ለመግባት በጎን መዞር ነበረብኝ። ባለቤቴ አሥራት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከወንድሙ የተዋሰው ግራጫ ሱፍ እጅጌው አጥሮበት መንገዱን ሙሉ ወደ ታች ሲጎትተው ዋለ። ሐጂ የሚነዱት በእግረኛ ፍጥነት ነው፤ የከተማችን ቀይ አቧራ እንዳይነሳና ሙሽራዋን እንዳያበላሽ። አጃቢው ሁሉ በግራና ቀኝ እየጨፈረ በእግሩ ይሄዳል። ቴፑ ውስጥ ያለው ካሴት ደግሞ ሙቀቱ ክሩን አላልቶት ዘፋኙ እንቅልፉ የመጣ ይመስል ነበር። አሥራት በጆሮዬ «እንዲህ ቀስ እያልን ከሄድን እስክንደርስ አረጀን እኮ» አለኝ። ሳቅኩ። ያ መንገድ ግን ባያልቅ ደስታዬ ነበር፣ እውነቱን ልናገር።

ከዚያ ዘመን መጣ። ኮብራ የሚሏት ላንድክሩዘር መጣች፣ ኮብራ ያላት ሰው ለፔጆ ፊቱን አዞረ። ኮብራዋን ደግሞ ቪ ኤይት አስረጀቻት። ባጃጁ ገበያውን ሲሞላ፣ ቪትዟም ስትከተል፣ ላዳ ሲያልም የኖረው ጎረምሳ ዛሬ አያት ሆኖ በላዳ ይቀልዳል። «ቤንዚን ጠጪ»፣ «ቆርቆሮ» ይላታል፤ ያኔ ስሟን ሲጠራ ዓይኑ ውኃ ይሞላ እንዳልነበረ። አሁን ደግሞ በኤሌክትሪክ የምትሄድ መጥታለች አሉ፤ አንዷ ሐዋሳ ላይ ድምፅ ሳታሰማ ከኋላዬ ደርሳ ዘንቢሌን አስጥላኛለች። የሰርግ መኪና በስልክ ከሐዋሳ የሚታዘዝ ሆነ። ስኳር አስጠቅልሎ ሐጂ ደጅ የሚሄድ ሽማግሌ ቀረ። ማንም ይቅር ብሎ አልወሰነም፤ እንዲያው ቀረ።

እንግዲህ ያን ዕለት ከፔጆዋ አጠገብ ቆሜ ሐጂን «ለምን እንዲህ ትሁን?» ብላቸው ከሳቸውና ከልጆቻቸው ሌላ ማንም የማያውቀውን ነገር አወሩኝ።

«ልጆቼ ግቢውን ለሕንፃ ይፈልጉታል» አሉ። «ብረት ገዢ ይምጣና ይውሰዳት ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ ጠያቂ ያላት ልጅ ከቤት አትወጣም አልኳቸው። እስከ ረመዳን አንድ ሽማግሌ ደጄን ከረገጠ ትቆያለች። ካልረገጠ እኔም አልከለክልም፣ ቶሌ፣ እሺ፣ ውሰዷት ብያለሁ።»

«ረመዳን እኮ ደረሰ፣ ሐጂ።»

«ደረሰ» አሉና ዶሮዋን እሽ ብለው አባረሯት።

ጨርቁን ረስቼ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት። ሽማግሌ የሚልክ ሰው ቢጠፋ ቢጠፋ እኔ አለሁ፤ ልጄ ያሬድ ሊያገባ ነው። ችግሩ ያሬድ ሐዋሳ ባንክ ቤት የሚሠራ ዘመናይ ነው።

«እማዬ፣ ቪ ኤይቷ ተይዛለች። በዚያች ፔጆ ብመጣ ቪዲዮው ላይ መሳቂያ ነው የምሆነው» አለኝ።

«አባትህ መሳቂያ ነበር?»

«እሱ የድሮ ነው እኮ!»

«የድሮው ነው አንተን የወለደህ» አልኩት። ተኮራረፍን። እሱ ከሐዋሳ ስልክ ሳይደውል፣ እኔም ሳልደውል ቀናቱ አለፉ። በመጨረሻ የሰርጉ ሳምንት መጥቶ ፊቴን ሲያየው አሳዘንኩት መሰለኝ፣ «በቃ ከቤተ ክርስቲያን እስከ አዳራሹ ብቻ» ብሎ ተሸነፈ። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ሰርጉ እሑድ ነው። ወዲያውኑ ሁለት ሽማግሌ ላክሁ፤ የድሮ ርዕሰ መምህራችንን ጋሽ ተሾመንና ከብት ነጋዴውን ኦቦ ዱባን። የሐጂን የሰርግ ጥሪ ወረቀትም፣ እሺ ሲሉ እንዲሰጣቸው፣ ኦቦ ዱባ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ሐጂ ጠያቂ ናፍቀዋልና ወዲያው ይሰጡናል ብዬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፊታቸው በርቶ ተመለሱ።

«አካም፣ እንዴት ሆነ? ምን አሉ?» አልኳቸው በር ላይ።

«ናጋ ነው፣ ሰላም ነው» አለ ኦቦ ዱባ። «ሻይ ጠጣን። ስለ ዝናቡም አወራን። ሐጂ ደስ ብሏቸው እጃችንን ይዘው አልለቅ አሉ። ሳምንት ተመለሱ አሉን።»

«ሳምንት? ሰርጉ ከነገ ወዲያ ነው አላላችኋቸውም?»

ኦቦ ዱባ እንደ ተሳደብኩ አየኝ። «ሐዳ ያሬድ! ልጅ ሊጠይቁ ሄደው ቶሎ በሉ ይባላል እንዴ? ሰፉ ነው!» ሐዳ ያሬድ የሚለኝ የያሬድ እናት ሲል ነው፤ ሰፉ ደግሞ ነውር ነው ማለቱ ነው።

«እሳቸውም መቼ ነው አላሉንም» አለ ጋሽ ተሾመ። «እኛም ወጉን አላበላሸንም።»

የጥሪው ወረቀት ከኦቦ ዱባ ኪስ ሳይወጣ ተመልሶ መጣ። ካልተፈቀደልን እንዴት ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት እሰጣለሁ አለኝ። እኔ ራሴ ሮጬ ልንገራቸው ብል ሁለቱም «ከእንግዲህ በዚህ ከተማ ማን ሽማግሌ ብሎ ይልከናል?» ብለው በሩን ዘጉብኝ። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ። ሰርግ ቤት ውስጥ የቱን ላስቀድም?

እሑድ በቪ ኤይቷ ሆነ። ትልቅ ነች፣ ጥቁር ነች፣ ውስጧ ብርድ ነው። በገበያው በኩል ስታልፍ የተነሳው አቧራ አጃቢውን ሁሉ አሳለው። እኔ ከኋላ ባለው መኪና ነበርኩና ሐጂን አየኋቸው፤ ክላክሱን ሰምተው ምርኩዛቸውን ይዘው ሱቁ በር ላይ ወጥተዋል። ሙሽራ የያዘችዋን መኪና አዩ። ቀጥለው እኔን አዩኝ። እስኪገባቸው ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው መረቁን። ያን ዕለት የበላሁት አልጣመኝም። በልጄ ሰርግ ቀን እንዲህ ማዘኔ ራሱ አሳዘነኝ።

ዓርብ ሲመለስ ሳምንቱ ሞላ። ሽማግሌዎቹን ብጠይቃቸው ሰርጉ ካለፈ ምን ብለን እንሄዳለን አሉ፤ አፈሩ።

«ሳምንት ተመለሱ ብለዋል። እናንተ ካልተመለሳችሁ እኔ እመለሳለሁ» አልኩና ነጠላዬን ሳብኩ። ይህን ጊዜ ምራቴ ሀዊ፣ ያች ዝምተኛ የመሰለችኝ ልጅ፣ ከጓዳ ወጣች። «እኔም እመጣለሁ፣ እማዬ። መልሳችን ከነገ ወዲያ አይደል? እናቴ ቤት በእሷ እንሂድ» አለች። መልሱን አጎቷ ከሞያሌ እስኪመጣ ብለን ያቆየነው ለበጎ ኖሯል። ሙሽራ ራሷ ተነስታ እነሱ ሊቀመጡ ነው? ሽማግሌዎቹ እያጉረመረሙ ተከተሉን።

የሐጂን ግቢ ገፋ አድርገን ስንገባ ሁላችንም ቆምን። ፔጆዋ ታጥባለች። ጎማዎቿ ተነፍተው ከፍ ብላለች፣ ወንበሯ ተወልውሏል፣ ዶሮዋ የለችም፣ ሞተሯ ደግሞ እየሠራ ነው። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው አጠገቧ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ሐጂ፣ ሰርጉ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አየሁት እኮ። ሌላ ቤት አገኙ ብዬ ዱዓ አደረግሁ።»

«ታዲያ እሷን ለማን አዘጋጇት?»

«ሳምንት ያልኩ እኔ ነኝ። ብትመጡም ባትመጡም ቃሌ ቃል ነው።»

ጋሽ ተሾመ መሬት መሬት እያየ፣ ያን ቀን እሺ ቢሉን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር አላቸው። ሐጂ ሳቁ።

«ተሾመ፣ ያን ቀን እሺ ብልህ በምን ትሄድልህ ነበር? ባትሪዋ ሞቶ ነበር። ሻሸመኔ ልኬ ነው ያስመጣሁት።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«አባት ልጁን ለሚጠይቅ ሰው ታማለች ይላል እንዴ?»

አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ። «ሐጂ፣ በኔ ጊዜስ? ያኔም ሳምንት ብለው ነበር።»

«ያንቺ ጊዜ ካርቡራተሯ ነው። ሞያሌ ሄዶ ነበር።»

«የኔ ወንድም ጊዜስ?» አለ ኦቦ ዱባ።

«ራዲያተር። ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድላት ነበር፣ ኦቦ ዱባ። ጤነኛ ሆና የተጠየቀችበት ቀን የለም።»

ኦቦ ዱባ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ያ ሁሉ ጊዜ ከተማው የሐጂን ክብር ነው ብሎ የጠበቀው ሳምንት፣ ልጆቻችንን ወግ ብለን ያስተማርነው ሳምንት፣ የመለዋወጫ ዕቃ መጠበቂያ ነበር! እኔም ሳቅኩ፤ ግን ሳቄ አልዘለቀም። እኚህ ሰው ያንን ሁሉ ሙሽራ ላለማሳፈር በየጊዜው በድብቅ ሲሯሯጡ ኖረዋል፤ አንድም ቀን አልተናገሩም።

የመልሱ ዕለት ማደያው ቤንዚን ስላልነበረው ከመንገድ ዳር በሃይላንድ እየገዛን ሞላናት። ሀዊ ካባዋን ደርባ ገባች፤ ያሬድ ጉልበቱን አጥፎ አጠገቧ ተቀመጠ፣ መጀመሪያ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ገበያው ላይ ጎረምሶቹ ስልካቸውን አውጥተው እየሳቁ ቀረፁ። ሐጂ እንደ ድሯቸው በእግረኛ ፍጥነት ነዱ፤ አቧራ አልተነሳም። ሰው ከመኪናዋ እኩል መራመድ እንደሚችል ሲያይ ወደ መንገዱ ወረደ፣ መጀመሪያ በኔ ዕድሜ ያሉት ሴቶች፣ ቀጥሎ ልጆቻቸው። እየጨፈሩ አጀቡን። ያሬድም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ክንዱን አወጣ፤ ከሰዉ ጋር እየተጨባበጠ ሄደ። ያን ጊዜ ቁርጥ አባቱን መሰለኝ፣ ሐዘኔም ደስታዬም አንድ ላይ መጡብኝ።

በማግስቱ ምስጋና ላደርስ ሄድኩ። ሐጂ ከኒሙ ሥር ተቀምጠዋል።

«ለልጆቼ ደውዬላቸዋለሁ» አሉኝ። «መጥተው ይውሰዷት።»

«ጠያቂ ካገኘች ትቆያለች ብለው አልነበረም? ተጠየቀች እኮ!»

«አንቺ ልጅ፣ ብትቆይስ እኔ እቆያለሁ?» አሉ። «ዓይኔ ደክሟል። ትናንት የነዳሁት መንገዱን ስለማውቀው እንጂ ስላየሁት አይደለም። እኔ ከዚህ ቤት እንዳትወጣ አልነበረም የፈለግሁት። ማንም የማይፈልጋት ሆና እንዳትወጣ ነው።»

አጠገባቸው ከኒሙ ሥር ቁጭ አልኩ።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው አይሱዙ መጣ። ልጆቻቸው ሳንቃ ደርድረው፣ እየገፉ ጫኗት። ወሬውን የሰማ ጎረቤት በሩ ላይ ተሰብስቧል፤ ማንም አይናገርም፣ ለቅሶ ቤት መሰለ። ሐጂ የግቢውን በር በሁለት እጃቸው ከፍተው ይዘዋል። አይሱዙው ሲንቀሳቀስ አላስቻለኝም። ልጅ ከቤት ስትወጣ ዝም ተብሎ አይሸኝም። እልል አልኩ። ሀዊ ተቀበለችኝ፣ ከሷ ጎረቤቶቹ፣ ከነሱ ደግሞ የገበያው ሴቶች ሁሉ። ሐጂም ኮፍያቸውን አወለቁና፣ ልጁን እንደዳረ እንደ ማንኛውም አባት፣ ሰው ፊት ቆመው አለቀሱ።